ጥናቴ ማንን ጠቀመ? የምርምር ፋይዳ የሚታወቅበት መንገድ

ጥያቄው፦ «በአንድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። በአንድ ወረዳ በእጅ የተቆፈሩ የውኃ ጉድጓዶችን ብክለት አጥንቼ ሁለት ጽሑፎች በዓለም አቀፍ ጆርናል አሳትሜአለሁ፤ እስካሁን 31 ጊዜ ተጠቅሰዋል። የጥናቱን ማጠቃለያም በወረዳው በተዘጋጀ አውደ ጥናት ላይ አቅርቤአለሁ። ዘንድሮ በዓመታዊው የሪፖርት ቅጽ ላይ ‹ምርምሩ በማኅበረሰቡ ላይ ያመጣው ተጨባጭ ለውጥ› የሚል ሣጥን ተጨምሮ መጣ። አንድ ምርምር መሬት ላይ ለውጥ ማምጣቱ በምን ይታወቃል? ሪፖርቱ የሚገባው በወሩ መጨረሻ ነው።»

ምላሽ፦

በመጀመሪያ 31ዱን ጥቅስ ከዚህ ሣጥን ያውጧቸው። ጥቅሶቹ የሚናገሩት ነገር አለ፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ሥራዎን አንብበው ለራሳቸው ሥራ መደገፊያ አድርገውታል ማለት ነው። ይህ የሚናቅ አይደለም፤ ቦታው ግን ሌላ ሣጥን ነው። ከጉድጓዱ ውኃ የምትቀዳው ሴት ከጠቃሾቹ መካከል የለችም። ለግራ መጋባቱ ቃሉ ራሱ ድርሻ አለው። «ኢምፓክት ፋክተር» የሚባለው ቁጥር፣ አንድ ጆርናል ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በተያዘው ዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳይ ስሌት ሲሆን፣ የታሰበውም ጆርናሎችን ለመምረጥ እንዲረዳ ነበር። እኛ ዘንድ ሲደርስ «ተጽዕኖ» ተብሎ ተተረጎመና፣ ከፍተኛ ቁጥር ባለው ጆርናል ማሳተምና ኅብረተሰብን መለወጥ አንድ ነገር መስለው ቁጭ አሉ። እኔ ለዚህ ሣጥን «ፋይዳ» የሚለውን ቃል እመርጣለሁ፤ ፋይዳ ሲባል ወዲያው «ለማን?» የሚል ጥያቄ ይከተላልና።

አንድ ምርምር ፋይዳ አለው የሚባለው፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጪ ያለ ሰው ወይም መሥሪያ ቤት ግኝቱን በማወቁ ምክንያት አለዚያ የማያደርገውን ሲያደርግ ወይም ያደርግ የነበረውን ሲተው፣ በዚህም የተነሣ በሰዎች ጤና፣ ገቢ፣ አካባቢ፣ ሕግ ወይም ባህል ላይ የሚታይ ነገር ሲለወጥ ነው። በዚህ አነጋገር ውስጥ ሁለት እርምጃዎች አሉ፤ አንደኛው የድርጊት መለወጥ፣ ሁለተኛው የኑሮ መለወጥ። የታተመው ጽሑፍ፣ የተሰጠው ሥልጠናና የተካሄደው አውደ ጥናት ከሁለቱም በፊት የሚገኙ የምርምሩ ምርቶች ናቸው። እህሉ ጎተራ ገባ ማለት ቤተሰቡ በላ ማለት አይደለም። በየዓመቱ የሚቀርቡልኝ ሪፖርቶች አብዛኞቹ ግን የሚቆጥሩት ጎተራውን ነው፤ ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ስንት ሰው ተሰበሰበ፣ አንዳንዴም ስንት ሰው አበል ፈረመ።

የአገራችን የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ «የጥናቱ ጠቀሜታ» የሚል ንዑስ ርእስ አለው፤ የሚጻፈው ግን ጥናቱ ሳይጀመር፣ በምርምር ንድፍ ደረጃ ነው፣ ከዚያ በኋላም ተመልሶ የሚያየው የለም። በመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ «የሚመለከታቸው አካላት ትኩረት ሊሰጡት ይገባል» ይባላል። ሪፖርት በገመገምኩባቸው ዓመታት ይህን ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት ቆጥሬ አልዘልቀውም፤ «የሚመለከታቸው አካላት» የተባሉትን ግን በአካል አግኝቻቸው አላውቅም። ፋይዳን መረዳት የሚጀመረው እነዚህ አካላት ስምና የሥራ መደብ ሲኖራቸው ነው።

ነገሩን በአንድ ታሪክ ላሳይዎ፤ ሁላችንም የምናውቀው የሚመስለን፣ እስከ መጨረሻው ግን የማንከታተለው የእንዶድ ታሪክ ነው። (ከአንድ የአዋጅ ቁጥር በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያን ስርጭት ለማጥናት ዓድዋ ሄዱ። በሽታውን የሚያመጣው ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት በተወሰኑ የውኃ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ማደግ ስላለበት፣ የአጥኚው ዓይን ቀንድ አውጣዎቹ ላይ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ከወደ ላይ በሕይወት ያሉትን አስለቅመው፣ አንዲት አጣቢ የእንዶዷን አረፋ ቀንድ አውጣዎቹ ወዳሉበት ዕቃ እንድትጨምርላቸው ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ ሲያነጡበት የኖሩት ፍሬ ቀንድ አውጣ ገዳይ መሆኑ በዚያ ወንዝ ዳር ታወቀ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሥራ ተሠራ። ዶክተር አክሊሉ በጊዜው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው ተቋም ውስጥ በ1966 የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። አቶ ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተባሉት የእጽዋት ባለሙያ የእንዶድን ዓይነቶች ከየአካባቢው ሰብስበው ሲያወዳድሩ ቆይተው፣ «44» የሚል ቁጥር የተሰጠውን ብርቱ ዝርያ ለዩ። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ ደግሞ በዓድዋ ወንዞቹን በእንዶድ የማከም የመስክ ሙከራ ተካሄደ። በሙከራው መጨረሻ በነዋሪው መካከል የበሽታው ስርጭት ከ63 ወደ 33 በመቶ ወርዶ ተገኘ፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ ግን ከ50 ወደ 7 በመቶ ነበር የወረደው።

በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ለእርስዎም ጉድጓዶች የሚሆን ትምህርት አለባቸው። እንዶድ የሚገድለው ቀንድ አውጣውን እንጂ በሰው ውስጥ ያለውን ትል አይደለም፤ ትሉም በሰው ደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ስለዚህ ከሙከራው በፊት የተያዘ ጎልማሳ፣ ወንዙ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ቢሆን እንኳ፣ አምስት ዓመት ቆይቶም በምርመራ «አለበት» ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። የሦስት ዓመት ሕፃን ግን የተወለደው ሙከራው ከተጀመረ ወዲህ ነው፤ ከተያዘ የተያዘው በቅርቡ፣ ከዚያው ወንዝ ነው። ወንዙ አሁን ምን እንደሚመስል የሚናገረው የሕፃኑ ምርመራ ነው። አንድ ገምጋሚ 63 እና 33ን ብቻ ቢመለከት «ግማሽ ያህል ሠርቷል» ብሎ ያልፍ ነበር፤ ሥራው ምን እንደሚነካና ምን እንደማይነካ የሚያውቅ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው የሕፃናቱን ቁጥር ነው። ፋይዳ የሚለካበት አመልካች ሲመረጥ፣ የእርስዎ ሥራ በቀጥታ ሊያንቀሳቅሰው የሚችለውን፣ አሮጌ ታሪክ የማይጫነውን መምረጥ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ከባድ ጥያቄ «በስንተኛው ዓመት ብንለካው?» የሚለው ነው። በ1965 የነበረ ገምጋሚ በእጁ የሚያገኘው ጥቂት የቤተ ሙከራ ውጤት ብቻ ነበር። በ1974 የነበረው አስደናቂ ስኬት ይመዘግባል። በ1989 ዶክተር አክሊሉና አቶ ለገሠ በስዊድን የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ፤ በዚያ ዓመት ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ሽልማቱን ከላይ ያስቀምጠው ነበር፤ ሽልማት ግን ሌሎች ለሥራው የሰጡት ክብር እንጂ በወንዝ ዳር የታየ ለውጥ አይደለም። ዛሬ የሚለካው ሰው ደግሞ እንዶድ ቢልሃርዝያን ለመከላከል በስፋት ሥራ ላይ እንዳልዋለ ያገኛል። በ2015 የተጀመረው የአገራችን የተማሪዎች የትላትል መከላከያ ዘመቻ ለዚህ በሽታ የተመረኮዘው ፕራዚኳንቴል በተባለው እንክብል ላይ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ምክንያቱ አንድ አይደለም። ለቀንድ አውጣ ማጥፊያነት በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚመከር ኒክሎሳማይድ የተባለ የፋብሪካ ኬሚካል ነበር፤ እንዶድም በዚያው ወግ የመርዛማነት ምርመራዎችን ማለፍ ነበረበት፤ ምርመራዎቹም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ ነበሩ። በኬሚካል የሚነግዱ ኩባንያዎች ገንዘብ የሚያወጡት በኋላ ብቻቸውን ለሚሸጡት ነገር ሲሆን፣ እንዶድ ደግሞ ማንም ገበሬ በአጥሩ ሥር የሚያበቅለው ቁጥቋጦ ነው። የሚፈለጉት ምርመራዎች በካናዳ ድጋፍ እስኪካሄዱ ድረስ ዓመታት አለፉ። በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል መጣ፤ ከ2007 ጀምሮም አምራቹ መርክ በነጻ ይለግሰው ጀመር። በአንድ ጊዜ የሚዋጥ ነጻ እንክብል ባለበት፣ ቀንድ አውጣ በተመለሰ ቁጥር ወንዝ ማከምን የሚመርጥ የጤና ቢሮ ማግኘት ይቸግራል። የምርምሩ ጥራት በዚህ ሁሉ ውስጥ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በዙሪያው ያለው ዓለም ነው። ለዚህ ነው «ግኝቱ ጥሩ ነው፤ ስለዚህ ፋይዳ ይኖረዋል» የሚለውን አነጋገር በማንኛውም የምርምር ንድፍ ውስጥ ሳየው የማልቀበለው።

ታዲያ የእንዶድ ምርምር ፋይዳ አልነበረውም ማለት ነው? አይደለም። ከበሽታው የተረፉት የዓድዋ ሕፃናት እውነተኛ ናቸው፤ ሥራው ያቋቋመው የምርምር ተቋምም ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ተመራማሪ ሲያወጣ ኖሯል። ያልታሰበ ፋይዳም ነበረው። በ1990 ዶክተር አክሊሉ በአሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘውን የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በጎበኙ ጊዜ፣ በመርከብ የማመጣጠኛ ውኃ ከአውሮፓ ተጉዞ የታላላቅ ሐይቆችን የውኃ ቧንቧዎች ይዘጋ የነበረውን «ዜብራ መሰል» (zebra mussel) የተባለ ባለ ቅርፊት የውኃ እንስሳ እንዶድ እንደሚገድለው ታየ፤ የባለቤትነት መብትም ተጠየቀበት። በአገራችን ይህ የኋለኛው ጉዳይ ከግኝቱ ይበልጥ አነጋገረ፦ የዓድዋ አጣቢዎች ዕውቀት የማን ነው?

እዚህ ላይ የገምጋሚው ጥንቃቄ የሚፈተንበት ነጥብ አለ። የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ስለማግኘት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 (በእኛ አቆጣጠር) የእንዶድ ክርክር ውጤት ነው ብሎ ለመጻፍ ይቻላል፤ ዐረፍተ ነገሩም ያምራል። እኔ ግን አልጽፈውም። ከአዋጁ በስተጀርባ የ1992ቱ የብዝኃ ሕይወት ስምምነትና የብዙ ሰዎች ሥራ አለ፤ እንዶድ በክርክሩ ውስጥ ተደጋግሞ የሚነሣ ምሳሌ መሆኑና አዋጁን ማስወጣቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፋይዳ ሲጻፍ «አስተዋጽኦ አደረገ» እና «አስገኘ» የሚሉትን ግሦች መለየት ያስፈልጋል፤ ምርምር ብቻውን አንዳች ነገር «ያስገኘበት» ጊዜ እጅግ ጥቂት ነውና የመጀመሪያውን ግሥ መጠቀም ልከኝነት ብቻ ሳይሆን ትክክለኛነትም ነው።

ይህን ሁሉ በሥርዓት ለመመዘን የሞከሩ አገሮች አሉ። ብሪታንያ በ2014 ባካሄደችው የዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ምዘና ከጠቅላላው ነጥብ 20 በመቶውን ከግቢ ውጪ ለሚታይ ፋይዳ ሰጠች፤ በ2021 ወደ 25 በመቶ ከፍ አደረገችው። በ2014 ዩኒቨርሲቲዎቹ ያቀረቧቸው የፋይዳ ታሪኮች ወደ 7 ሺህ ይጠጉ ነበር። እያንዳንዱ ታሪክ በጥቂት ገጾች ምርምሩ ምን እንደነበረ፣ ማን ምን እንዳደረገበትና ማስረጃው የት እንደሚገኝ የሚተርክ ሲሆን፣ የሚመዘነውም ለውጡ በምን ያህል ስፋት እንደደረሰና ምን ያህል ጥልቅ እንደነበረ ነው፤ ከመዛኞቹም መካከል ከዩኒቨርሲቲ ውጪ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ከዚህ አሠራር ለእኛ የሚጠቅመው ሁለት ነገር ይመስለኛል። ፋይዳው የሚታይበት ጊዜ ጥቂት ዓመታት ቢሆንም፣ መነሻው ምርምር እስከ 20 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ እንዲቆጠር ተፈቅዷል፤ የእኛ ቅጽ ግን ዘንድሮ የተጠናው ዘንድሮ እንዲያፈራ ይጠብቃል። ሁለተኛው፣ ሁሉም ተመራማሪ የፋይዳ ታሪክ እንዲያቀርብ አይጠየቅም፤ ከብዙ ተመራማሪዎች መካከል ጥቂት ታሪኮች ይመረጣሉ። ጉዳትም አለው፤ ታሪክ አሳማሪ ጸሐፊ መቅጠር የተለመደ ሥራ ሆኗል።

ተጠቃሚው የሚመዝንበት ሚዛን ከተመራማሪው ሚዛን ጋር ላይገጥም እንደሚችልም ላስታውስዎ። ደብረ ዘይት ላይ የተሻሻለው ዱከም የተባለው የጤፍ ዝርያ ምርታማ ነበር፤ ፍሬው ግን ገበያው የሚፈልገውን ያህል ነጭ ስላልነበረ ገበሬው አልተሻማበትም። በ2006 የወጣው ቁንጮ ያንኑ ዝርያ ከነጩ ማኛ ጋር በማዳቀል ሁለቱን ያጣመረ ነበርና በፍጥነት ተሰራጨ። አዳቃዩ ኩንታል ቢቆጥርም ገበሬው የሚያየው ኩንታሉ ገበያ ወጥቶ ስንት እንደሚያወጣ ነው። ጤፉን በሔክታር ምርት ብቻ የገመገመ ሰው የመጀመሪያው ለምን እንዳልተወሰደ ሊገባው አይችልም።

«ፋይዳ» የሚለው ቃል ለቤተ ሙከራና ለእርሻ ብቻ የተፈጠረ እንዳይመስልም አንድ ነገር ልጨምር። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ የብራና መጻሕፍትን አንሥቷል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠው ብዙዎቹን በካታሎግ መዝግበዋል። አንድ ገዳም መጽሐፉ ቢጠፋበት ይዘቱ በፊልም መኖሩ ፋይዳ ነው፤ በኩንታልም በመቶኛም አይሰፈርም።

አሁን ወደ ጉድጓዶቹ። በወሩ መጨረሻ የሚደርስ ሥራ ስለሆነ በአጭሩ እነግርዎታለሁ። በአውደ ጥናቱ ላይ ከነበሩት ውስጥ የወረዳውን የውኃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ፣ አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያና የአንድ ጉድጓድ የውኃ ኮሚቴ አባል ፈልገው ያነጋግሩ። የውኃ ባለሙያው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውረው ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከሆነ የተኳቸው ሰው ስለ ጥናቱ የሚያውቁት ነገር መኖር አለመኖሩ ራሱ መልስ ነው። ሲያነጋግሯቸው «ጥናቴ ጠቀማችሁ ወይ?» ብለው አይጠይቁ። በእኛ አገር እንዲህ ለሚጠይቅ እንግዳ «በጣም እንጂ!» ማለት ይሉኝታ ነው፤ ከመልሱ የሚገኝ ዕውቀት የለም። ይልቅ «ባለፈው ዓመት የትኞቹ ጉድጓዶች ተከደኑ፣ የትኞቹ በክሎሪን ታከሙ፣ እነዚህ የተመረጡት በምን ምክንያት ነው፣ የተወሰነውስ መቼ ነው?» ብለው ይጀምሩና ዝም ይበሉ። ጥናትዎ ሳይጠሩት በራሱ ከመጣ ጥሩ ምልክት ነው። ካልመጣ ደግሞ ውሳኔው የተመሠረተበትን ነገር ያውቃሉ፤ የነዋሪ ቅሬታ፣ የአንድ ድርጅት በጀት ወይም በአካባቢው የተከሰተ የተቅማጥ ወረርሽኝ ሊሆን ይችላል።

ማስረጃን በተመለከተ፣ ማኅተም ያረፈበት «ጥናቱ ከፍተኛ ጠቀሜታ አስገኝቷል» የሚል የድጋፍ ደብዳቤ አያጽፉ። ደብዳቤው የተጻፈው በእርስዎ ጥያቄ ስለሆነ የሚያረጋግጠው መጠየቅዎን ብቻ ነው። የሚፈለገው ለእርስዎ ተብሎ ያልተጻፈ ወረቀት ነው፤ የጽሕፈት ቤቱ ቃለ ጉባኤ፣ የዓመቱ ዕቅድ፣ የክሎሪን ወጪ ደረሰኝ። በእነዚህ ላይ ከጥናቱ የተወሰደ አንድ መስመር ቢገኝና ቀኑ ከአውደ ጥናቱ በኋላ ቢሆን፣ ከአሥር ደብዳቤ ይበልጣል።

ሣጥኑ ውስጥ የሚገባው ጽሑፍ፣ ነገሩ እንዲህ ሆኖ ከተገኘ፣ ይህን ይመስላል፦ «የጥናቱ ውጤት በኅዳር ወር ለወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ቀርቧል። ጽሕፈት ቤቱ በመጋቢት ወር 4 ጉድጓዶችን ከድኗል፤ ከእነዚህ 3ቱ በጥናቱ ከፍተኛ ብክለት የታየባቸው ናቸው። የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ለምርጫው የጥናቱን ውጤትና የነዋሪዎችን ቅሬታ በምክንያትነት ጠቅሰዋል። በተቅማጥ በሽታ ላይ የመጣ ለውጥ ስለመኖሩ አልተለካም።» የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ለመሠረዝ ይፈተኑ ይሆናል፤ ይተዉት፤ የቀሩትን ሦስት የሚያሳምናቸው እሱ ነው። ምንም ለውጥ ካላገኙም «እስካሁን በውሳኔ ላይ መዋሉን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም» ብለው ይጻፉና ምክንያት የሚመስልዎትን ያክሉበት።

ከምክንያቶቹ አንዱን ከወዲሁ እገምታለሁ። በታተመው ጽሑፍ ውስጥ ጉድጓዶቹ በወጉ መሠረት «ጉ-1»፣ «ጉ-7» እየተባሉ በኮድ ተጠርተው ይሆናል፤ በአውደ ጥናቱ ላይ የታዩት ስላይዶችም ከዚያው የተቀዱ ይሆናሉ። የውኃ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ግን «ጉ-7»ን የት ሄደው ይክደኑት? እሳቸው የሚያውቁት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለውን ጉድጓድ ነው። ስለዚህ ሊያነጋግሯቸው ሲሄዱ፣ የተበከሉትን ጉድጓዶች ከብክለታቸው መጠን ጋር በቀበሌ፣ በጎጥና በሰፈር መጠሪያቸው፣ በወረዳው የሥራ ቋንቋ፣ በአንድ ገጽ ጽፈው ይዘው ይሂዱ፤ የሰጡበትን ቀንም በማስታወሻዎ ላይ ያስፍሩ።